የበቆጂዋ ሳጥን መብራት

ኢንጂነር አይደለሁም። የኮምፒውተር ዲፕሎማ አለኝ። አሰላ ውስጥ፣ የገበሬ ማኅበራትን በሚያስተባብር አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እጎለጉላለሁ፣ የይለፍ ቃሉን የረሳውን ሰው እገላግላለሁ። ቢሮው ውስጥ ትልቁም ትንሹም የሚጠራኝ በስሜ ነው። ኢንጂነር ብለው የሚጠሩኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። አላረምኳቸውም። ጆሮዬ ወዶት ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሽማግሌው ከበቆጂ ቅርንጫፋችን በጡረታ የተሰናበቱ የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው። ተሰናበቱ ይባል እንጂ እግራቸው ከግቢው አልወጣም። እዚያ፣ ከገብሱ መጋዘን ፊት ለፊት፣ በሽቦ የታጠረች አንዲት የቆርቆሮ ዝናብ መለኪያ አለች። ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ፤ ክዳኗን ያነሳሉ፤ የተጠራቀመውን ውሃ ቁጥር ወዳለው ቀጭን ብርጭቆ ይገለብጣሉ፤ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከውሃው ጋር እኩል ያደርጉና ያነባሉ፤ ከዚያ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ አንድ ቀን አላጓደሉም። የሚያዛቸው የለም፣ የሚቆጣጠራቸውም የለም።

ደብተሮቹ ጀርባቸው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለባቸው ተራ የተማሪ ደብተሮች ናቸው። ለዓመት አንድ፣ ለወር አንድ ገጽ። በማስመሪያ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሏቸው፦ ቀን፣ ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ ምርመራ። የምርመራው ዓምድ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። አንዳንዴ “በረዶ” ይላል። አንዳንዴ “ውርጭ፤ ገብሱን መታው” ይላል። አንድ የሐምሌ ቀን ላይ ግን፣ ዝናብ አራት ነጥብ ሁለት፣ ነጎድጓድ የለም፣ ምርመራ፦ “ባለቤቴን ቀበርኩ” ይላል። ለክተው ሄደው ቀበሩ ወይስ ቀብረው መጥተው ለኩ? ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት።

ደብተሮቹ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ግማሾቹ ሻግተዋል፣ የጥቂቶቹን ጠርዝ አይጥ ቀምሶታል። ሽማግሌው አንድ ስጋት ብቻ ነበራቸው፤ “እኔ ስሞት ይሄ ለአይጥ ነው የሚሆነው” ይሉ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሰማና ደብተሮቹ ሁሉ ስካን ተደርገው በኮምፒውተር እንዲቀመጡ አዘዘ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

በመስከረም በቆጂ ወረድኩ፤ እንዲያውም ወጣሁ ነው የሚባለው፣ ብርዱ ከአሰላ ይብሳል። የጫማ ካርቶን የምታክል፣ በውስጧ ዲስክ ያለባት ጥቁር ሳጥን ይዤ ነበር። በቅርንጫፉ ቢሮ መስኮት ሥር አስቀመጥኳትና ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር አገናኘኋት። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ያዩኛል።

“ጋሼ፣” አልኳቸው፣ “የእርስዎ ደብተር ከእንግዲህ ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው። አንዱ አሰላ፣ አንዱ እዚህ። አሰላ ያለው ቢበላሽ የበቆጂው አለ።”

“ሁለት ቦታ” አሉ፣ በጣታቸው ሁለት እያሳዩ።

“ሁለት ቦታ።”

“እኔስ? እኔ ምን ልሥራ?”

“ምንም” እንዳልላቸው ፊታቸው አሳዘነኝ። ሳጥኗ ፊት ለፊቷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ መብራት አለቻት። “ጠዋት ዝናቡን ሊለኩ ሲመጡ በመስኮቱ ይመልከቱልኝ” አልኳቸው። “ከበራች ደህና ናት። ብልጭ ድርግም ካለች ከአሰላ እየተቀበለች ነው። ከጠፋች ይደውሉልኝ።” ወዲያው ማስመሪያቸውን አወጡና ደብተራቸው ላይ አምስተኛ ዓምድ አሰመሩ። በላዩ ላይ “ሳጥን” ብለው ጻፉ። እውነቱን ለመናገር ሥራ የሰጠኋቸው ለማስደሰት ያህል ነበር። እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ቁም ነገሩ አሰላ ያለው የእኔ ስክሪን ነበር። ቅጂውን የምቆጣጠርበት ፕሮግራም ሥዕል የለው፣ ማውስ አይፈልግ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ በፊደል የሚጻፍለት ነው። ትእዛዙን ጽፌ ስጫን አንድ መስመር ይዘረጋልኛል፦ ይህን ያህል ሄደ፣ በሴኮንድ ይህን ያህል እየሄደ ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ይቀራል። ቁጥሮቹ ዓይኔ ሥር ይለዋወጣሉ። ሰው በበሩ ሲያልፍ ወንበሬን ትንሽ ዞር አደርግ ነበር፣ እንዲያይልኝ።

ጥቅምትንና ኅዳርን ስካን ሳደርግ ከረምኩ። ደብተሮቹ በሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ተሞልተው ከበቆጂ መጥተው ነበር። እርሳሱ የደበዘዘበት ገጽ ስላለ በከፍተኛ ጥራት ነው ያነሳሁት፣ ስለዚህ ፋይሎቹ ከበዱ። በኅዳር መጨረሻ ወደ በቆጂ መላክ ጀመርኩ። በቆጂ ሲባል ለሁሉም ትዝ የሚለው ሯጭ ነው። የበቆጂ ሰው ይሮጣል፤ የበቆጂ መስመር ግን ያነክስ ነበር። በሴኮንድ ስልሳ ኪሎባይት። አንዳንዴ ሠላሳ። “ዘጠኝ ቀን ይቀራል” ይለኛል ስክሪኑ። መስመሩ ይቆረጣል፣ እቀጥላለሁ፣ ደግሞ ይቆረጣል።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላል። “አለቀ?” ይለኛል። “አላለቀም።” “እስካሁን?” ይህቺ “እስካሁን” የምትለው ቃል አጥንቴ ውስጥ ትገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ የሒሳብ ክፍሏ ሴት በተቀመጠችበት፣ “በቆጂ ለመድረስ በእግር ቢሄድ ኖሮ እኮ ደርሶ ተመልሷል” አለና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ደሜ ግን ፈላ።

በማግስቱ ጠዋት ትእዛዙን ጽፌ ተጫንኩ። ቁጥሩን ሳይ ዓይኔን አላመንኩም። በሴኮንድ አርባ ሜጋባይት! ስልሳ ኪሎባይት ሲጎተት የነበረ መስመር አርባ ሜጋባይት። ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ሳጉሬ አካባቢ፣ ዳር ዳሩን ሲቆፍሩ ገመድ ሲቀብሩ አይቼ ነበር። ሥራው አልቆ ተለቀቀልን ብዬ ደመደምኩ። የቀረበልኝ ሻይ ሳይበርድ ሠላሳ አንዱም ደብተር አለቀ። ስክሪኑ “ተጠናቋል” አለኝ። ያን ስክሪን ፕሪንት አድርጌ ወስጄ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አንዱን ቅጂ ደግሞ ከወንበሬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

የሆነውን አሁን አውቀዋለሁ፣ ያኔ ግን አላወቅኩም። አሰላ ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር አለ። ፎልደሩ በመስመሩ በኩል ከበቆጂዋ ሳጥን ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚያ የገባ ሁሉ በቆጂ ይደርሳል። ማያያዣው ሲቋረጥ ግን ፎልደሩ አይጠፋም። እዚያው ይቆያል፣ ይከፈታል፣ ይቀበላል። የሚቀበለው ግን አሰላ ያለው ዲስክ ራሱ ነው። ያን ሌሊት በቆጂ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ለሳጥኗ ኤሌክትሪክ የሚያስገባላት አዳፕተር ተቃጥሎ ኖሯል። እኔ እህሉን ወደ ጎረቤት ጎተራ አጋዝኩ ብዬ፣ በራሴ ቤት ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው እገለብጥ ነበር። ከቤት ሳይወጣማ ለምን አይፈጥን? ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ ፍጥነቱን ጠየቅኩት፣ ፍጥነቱን ነገረኝ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም።

የዚያኑ ቀን ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ።

“አካም ቡልተ ኢንጂነር? ነጋ?”

“ደህና አደርኩ ጋሼ፣ እርስዎስ?”

“አልሃምዱሊላህ። ዝናብ የለም። ሳጥኗ ዛሬ አልበራችም።”

መልሱ እንዴት ፈጥኖ እንደመጣልኝ እኔን ይገርመኛል። “ጋሼ፣ መስመሩ ተስተካክሏል። አሁን ቶሎ ስለምትጨርስ አረፍ ብላ ነው” አልኳቸው። መብራቷ ሥራ ብትፈታም እንደማትጠፋ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። “ከበራች ደህና ናት” ብያቸው የለም? ግን ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበረኛ!

“ኤዬ፣ እሺ” አሉ። “አንተ ታውቃለህ።”

በዚያ ሳምንት የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ አስነስቶ አስጨበጨበልኝ። እሑድ ደግሞ የባሰውን አደረግኩ። ቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ጊዜ አለ፤ ጌታ ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ ተነስቶ ይናገራል። የታመመ ዳንኩ ይላል፣ መካን ወለድኩ ትላለች። እኔ ተነሳሁና፣ በሥራ ቦታዬ እንደተዋረድኩ፣ እንደጸለይኩ፣ ጌታም በአንድ ሌሊት ስልሳውን ኪሎባይት አርባ ሜጋባይት እንዳደረገው መሰከርኩ። ምእመናኑ ሜጋባይት ምን እንደሆነ ባያውቁም “ሃሌ ሉያ” አሉ። ባለቤቴ አጠገቤ እጇን ዘርግታ “አሜን” አለች። ስቀመጥ ልቤ ሞልቶ ነበር።

ሽማግሌው በየቀኑ መደወላቸውን አልተዉም። “ዝናብ የለም። ሳጥኗ አልበራችም።” አምስት ቀን ሙሉ ይህንኑ። በስድስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ጥቁሩን ስክሪን እያሳየሁ እያብራራሁ ነው። ስልኩ ጮኸ። ድምፄን ለእንግዶቹ በሚሰማ አወፈርኩና፣ “ጋሼ፣ እኔ እዚህ በቁጥር ነው የምከታተለው። ከዚህ በኋላ ስለ ሳጥኗ መደወል አያስፈልግም” አልኳቸው።

“እሺ ኢንጂነር” አሉኝ።

እኔ ያሰብኩት፣ እግዜር ይየው፣ እንግዶቹ “ኢንጂነር” የሚለውን በስልኩ ሰምተው ይሆን ብዬ ነበር።

ሁለቱ ማዳበሪያዎች አሁንም ክፍሌ ውስጥ ነበሩ። ሻጋታው ይሸታል፣ የአይጥ ፋንድያ ከሥራቸው ይረግፋል። ሥራ አስኪያጁ “ከተቀመጠ ይወገድ” አለ። ለሽማግሌው ሳልነግር ማድረጉ ከበደኝና ደወልኩ።

“ሁለቱም ቦታ ተቀምጧል?” አሉኝ።

“ተቀምጧል።”

“በቆጂም?”

“በቆጂም ጋሼ።”

“እንግዲያ አንተ እንዳልክ።”

ከቢሮው ጀርባ ከዘበኛው ጋር ሆነን አቃጠልናቸው። ደብተር ተዘግቶ ቶሎ አይነድም፤ እየገለጥኩ በዱላ ማገላበጥ ነበረብኝ። የማባዣው ሠንጠረዥ ከጠርዙ ጀምሮ ሲጠቁር አያለሁ። ሰዓቴንም አየሁ፣ ምሳ እንዳያልፈኝ ብዬ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ አሰላ ያለው ኮምፒውተር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ዲስኩ አርጅቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለት እጥፍ አሸክሜዋለሁ። ከዚያ ድምፅ በኋላ አልተከፈተም። እውነት እላችኋለሁ፣ አልደነገጥኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ይኸው የእኔ ሥራ የሚታይበት ቀን መጣ፣ ከበቆጂ መልሼ አመጣዋለሁ ብዬ እጄን አፋተግኩ። ከሌላ ኮምፒውተር ወደ ሳጥኗ ደወልኩ እንበል፤ አትመልስም። ደግሜ ሞከርኩ። አትመልስም። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ቀና ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ አረፈ። በሴኮንድ አርባ ሜጋባይት። ያን ቁጥር ከወር በላይ በኩራት ሳየው፣ በቆጂ ድረስ የሚሄድ መስመር ይህን ያህል ሊሸከም ይችላል ወይ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ይህን ያህል የሚፈጥነው ኮምፒውተሩ ከራሱ ወደ ራሱ ሲገለብጥ ነው። ይህንን በዲፕሎማ የመጀመሪያ ዓመት ተምሬዋለሁ።

የሽማግሌው ድምፅ በጆሮዬ ይሰማኛል፤ “ሳጥኗ አልበራችም።”

ሥራ አስኪያጁ ገባ። “ዲስኩ ሄደ አሉ?” አለኝ። “ሄደ” አልኩ። “ምን ቸገረን፣ በቆጂ አለ አይደል?”

እዚያች ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አፌ ግን እኔን አልጠበቀኝም። “የበቆጂውን መብረቅ መታው” አለ።

“መብረቅ!” አለና ጭንቅላቱን ያዘ። ቀስ ብሎ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። “አይዞህ። ከሰማይ ለመጣ ምን ይደረጋል?” የሒሳብ ክፍሏ ሴት ሻይ አመጣችልኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያጽናናኝ ዋለ። ለቅሶ የደረሱኝ ያህል ነበር። ሥራ አስኪያጁ “ለሽማግሌው በስልክ አይነገርም፤ ነገ ሄደህ ንገራቸው፣ ሳጥኗንም አምጣት” አለኝ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ሳጉሬን አልፈን ስንወጣ ሰማዩን አየሁት። አንድ ጭረት ደመና የለበትም፤ ጥር ነው። እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር መብረቅ ፈጥሬያለሁ። ሌላ ውሸት አጥቼ ነው? ውሃ ፈሰሰባት ብል አይሻልም ነበር? እንዲህ እያልኩ ውሸቱን ሳበጃጅ ደረስኩ፤ ማፈሩን ገና አልጀመርኩም ነበር።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግቢው ገባሁ። መጀመሪያ ሳጥኗን አየኋት። አዳፕተሯ ጠቁሯል። ይዤው በመጣሁት ሌላ አዳፕተር ስሰካት ያቺ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ላፕቶፔን አገናኝቼ ገለጥኩ። ሁለት ደብተርና የሦስተኛው ግማሽ። ያ የሚያነክሰው መስመር በሦስት ቀን ያደረሰው ይህን ነበር። እውነተኛው ሥራ እሱ ነበር።

ሽማግሌው በሰዓታቸው መጡ። ሰላምታዬን ተቀብለው መጀመሪያ ወደ መለኪያቸው ሄዱ። ክዳኑን አነሱ፣ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አቀኑ፤ ደረቅ ነው። ያም ሆኖ ጎንበስ ብለው አነበቡት። ከዚያ መጥተው ከግቢው ዘበኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። የአሰላው ዲስክ ተበላሸ፣ የበቆጂውን መብረቅ መታው፣ የተረፈው ሁለት ተኩል ደብተር ነው አልኳቸው። ስናገር ጫማዬን አያለሁ።

“የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ?” አሉ።

“አዎ ጋሼ።”

“ባለቤቴ የሞተችበትስ?”

“የለም።”

“አራት ነጥብ ሁለት ነበር” አሉ። “እሱን አልረሳውም። ሌላውን ግን በቃሌ አልያዝኩትም። ደብተሩ ይይዝልኛል ብዬ ነው።”

ከዚያ ከኮታቸው ውስጥ የዘንድሮውን ደብተር አወጡና አጠገባቸው አስቀምጠውኝ የታኅሣሥን ገጽ ገልጠው ጭኔ ላይ አኖሩት። ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው አወረዱት። አልተቆጡም። በዝናቡ ዓምድ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በነጎድጓዱ ዓምድ የለም፣ የለም፣ የለም። በሳጥኑ ዓምድ አልበራም፣ አልበራም። በምርመራው ደግሞ፣ “ለኢንጂነሩ ተነገረ።” ከሥሩ፣ “ለኢንጂነሩ ተነገረ።” ስድስት ጊዜ። ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ “አትደውል ተብያለሁ” ይላል፤ ጥርን ይዞ እስከ ትናንት ድረስ። መስመሩን ቆጠርኩት። አርባ አንድ ነው።

“ጋሼ፣ መብረቅ አልነበረም” አልኩ።

“አውቃለሁ። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው። ይጻፉት፤ ዛሬ ላይ ‘ጥፋቱ የኢንጂነሩ ነው’ ብለው ይጻፉት።”

“ጥፋት አልጽፍም። ያየሁትን ነው የምጽፈው” አሉና ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የዛሬው መስመር ላይ ዜሮ፣ የለም፣ በራ ብለው ጻፉ። ምርመራው ላይ ትንሽ አሰቡና “ኢንጂነሩ መጣ” ብለው ጨመሩ። ከዚያ ከደብተሩ መሃል ሁለት ቅጠል ገንጥለው ከብዕሩ ጋር ሰጡኝ። “ይህንን ኮፒ አድርግልኝ። በእጅህ። ከታኅሣሥ ጀምረህ።”

አግዳሚው ላይ ደፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። አልበራም፣ ለኢንጂነሩ ተነገረ። አልበራም፣ ለኢንጂነሩ ተነገረ። በማሽን ቢሆን ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያልቅ ነበር። በእጅ ግን እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ይጻፋል። የትኛው ቀን ምስክርነት የሰጠሁበት እሑድ እንደሆነ፣ የትኛው ቀን ደብተሮቹን ያቃጠልኩበት እንደሆነ እያወቅኩ ጻፍኩ። እሳቸው አጠገቤ ሆነው እያንዳንዱን መስመር ከዋናው ጋር ያስተያያሉ፤ አንድ ቦታ ዘልዬ በጣታቸው መለሱኝ። ሲያልቅ የእኔን ጽሑፍ አጣጥፈው ሰጡኝ።

“ዋናው እኔ ጋ ይሁን፣ ይሄ አለቃህ ጋ” አሉ። “ሁለት ቦታ ብለህ የለ?”

ወረቀቱን የኮቴ ውስጥ ኪስ ከትቼ አሰላ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ “ሽማግሌው እንዴት ሆኑ?” አለኝ። “ቻሉት” አልኩ። ወረቀቱ ደረቴ ላይ ነበር። በማግስቱም ነበር፣ በሳልስቱም ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ስንቅ የትም አላደረሰኝም፤ ተሸክሜው እየዞርኩ ክብደቱ ግን ጨመረ። እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ መሪው ወደ እኔ አየና ፈገግ አለ። ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ቤት ስንገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። እንደ ቢሮው ሰው የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

“ፍጥነቱን ጌታ ሰጠኝ አልክ” አለችኝ። “መብረቁንም በጌታ አሳበብክ። አንተ የሠራኸው የትኛውን ነው ታዲያ?”

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁና የተጣጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ግድግዳዬ ላይ የነበረውንም ወረቀት ነቅዬ ከሥሩ አደረግኩት። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ። ጣቱ ነጎድጓዱ ዓምድ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ምርመራው ተሻገረ። ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አየኝ።

“‘ለኢንጂነሩ ተነገረ’ ይላል” አለ። “እኛ ኢንጂነር አለን እንዴ? ማን ነው እሱ?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።